የጀለቢያ ዜግነት

«ሱዳናዊ ነዎት?»

የተጠየቀው አባቴ ነው። ቦታው ጋምቤላ ከተማ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፤ ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ማብቂያ። አባቴ መታወቂያውን ሊያሳድስ ይሄዳል፤ እኔም ለዕረፍት ከአዲስ አበባ ወርጄ ስለነበር ልደግፈው አብሬው ወጥቻለሁ። ጠያቂው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ከደጋ የመጣ፣ በዚያ ሐሩር ከረባት ያሰረ ልጅ ነው። ላቡ ከግንባሩ እየተንቆረቆረ የያዘውን ወረቀት ያርሰዋል። አባቴ «እህ?» አለው። ልጁ፣ ሽማግሌው አማርኛ የማይሰማ መስሎት፣ ድምፁን ከፍ፣ ቃሉን ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ደገመው።

«ፋዘር! ከሱዳን ነው የመጡት?»

«ኧረ የኔ ጌታ! እኔ የወረኢሉ ሰው ነኝ።»

ይህን ያለው በዚያ ሃያ ዓመት ቆላ ተቀምጦ በማይለቀው የወሎ አማርኛው ነው። ልጁ ደነገጠ፤ ትንሽም አፈረ መሰለኝ። ነገር ግን በአገራችን ከጠረጴዛ በስተጀርባ የተቀመጠ ሰው አፍሮ አይቀርም፤ ኀፍረቱን በመመሪያ ይመልሰዋል። «ታዲያ ይህን የዓረብ ልብስ ምን አስለበሰዎት? በዚህ ፎቶ መነሣት አይቻልም። የሰው ልብስ ለብሰው ይመለሱ» አለው።

የሰው ልብስ!

አባቴ ሳቀና ከዘራውን አንሥቶ ወጣ። በማግስቱ ከጎረቤት ኮት ተውሶ ተነሣ። ኮቱ ከእርሱ ሁለት ቁጥር ይበልጥ ስለነበር አንገቱ ከኮሌታው መካከል እንደ ቀጭን እንጨት ቆሟል። አባቴ ከሞተ ወዲህ መታወቂያው እኔ ዘንድ ነው። አንዳንድ ጊዜ አወጣና አየዋለሁ፤ ስሙ የአባቴ ነው፤ ሰውዬውን ግን አላውቀውም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው በዚያ ልጅ ላይ ቂም ይዤ አይደለም። ልጁ የሰማውን ነው የደገመው። ሙግቴ ካሰማው ወገን ጋር ነው። በዚህ አገር ረጅም ነጭ ቀሚስና ቆብ ያደረገ ወንድ ሲያልፍ፣ ሳይጠየቅ የሚፈረድበት ፍርድ አለ፤ «ይህ ሰው ከሌላ አገር ነው፤ ባይሆንም ልቡ ሌላ አገር ነው» የሚል ፍርድ። ፍርዱን የሚሰጡት ደግሞ አንድ ወገን ብቻ አይደሉም። እንደምናየው የገዛ ወንድሞቼም አሉበት።

ከአባቴ ልጀምር። አባቴ ጋምቤላ የገባው በ1977 ዓ.ም. ነው። በፈቃዱ አልነበረም፤ በአንቶኖቭ ነበር። ያ ዓመት ወሎን እንዴት እንዳደረገው ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልነግርም። መንግሥት «ሠፈራ» ብሎ ያፈሰውን ሰው ከፊሉን ወደ መተከል፣ ከፊሉን ወደ ወለጋና ኢሉባቦር ሲያወርድ የእኛ ዕጣ ከባሮ ማዶ ወደ አቦቦ በኩል ወጣ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ፊታችንን የመታው እሳት ትዝ ይለኛል። ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ቀን ወረድነው። አባቴ የያዘው አንድ ጋቢ፣ አንድ ሽርጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁርኣንና መቁጠሪያ ነበር።

ጋቢውን አላወልቅም አለ። የካቲትና መጋቢት ላይ ጋምቤላ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አባቴ ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል። ሌሎቹ ሰፋሪዎች እርቃናቸውን ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው፤ እርሱ «ሰው ፊት ያለ ጋቢ አልቀርብም» ይላል። ጁምዓ ደርሶ ከተማ ሲወርድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ። በሁለተኛው ቀን ያነሡት በገበያው በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው ልብስ የሚሰፉ አንድ ሐጂ ናቸው። አባታቸው በመርከብ የመጡ ሱዳናዊ፣ እናታቸው የጎሬ ሰው። ውሃ አጠጡት፤ ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ ከዚያ አራት ሜትር አቡጀዲ ለክተው ቀደዱና እዚያው ሰፍተው አለበሱት። «ገንዘቡን ሲኖርህ» አሉት።

ለሳምንት ያህል ጀለቢያውን የሚለብሰው ማታ፣ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ዓረብ ሆንክ እንዴ?» እያለች ትስቅበት ነበር። ልብ በሉ፤ አባቴም ልብሱን የሸሸው ያ የመሥሪያ ቤት ልጅ በተናገረው ምክንያት ነው። ሼህ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ግን ደገኛ ነው። ደጋው በልብስ ላይ ያሳደረውን ፍርድ እርሱም ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ያሸነፈው ሃይማኖት አይደለም፤ ሙቀት ነው።

ሙቀትን እንዴት እንደሚያሸንፍ ደግሞ ሊቃውንት ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ የሲና ቤዱዊኖች በዚያ በረሃ ጥቁር ሰፊ ቀሚስ ለምን እንደሚለብሱ ተመርምሮ ነበር። ጥቁሩ ከነጩ የበለጠ ሙቀት እንደሚጠጣ የታወቀ ነው። ነገር ግን ልብሱ ሰፊ በመሆኑ በጨርቁና በገላ መካከል አየር ይመላለሳል፤ ትርፉ ሙቀት ቆዳ ላይ ሳይደርስ ተጠርጎ ይወጣል፤ ቆዳው ላይ የሚደርሰው በሁለቱም ልብስ አንድ ሆኖ ተገኘ። ጋምቤላ በረሃ አይደለም፤ እርጥበት አለው፤ እንዲያም ሆኖ ገላ ላይ ከተጣበቀ ሸሚዝና ከታሰረ ከረባት የቱ እንደሚሻል ለማወቅ ኔቸርን ማንበብ አያስፈልግም። ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የወባ ትንኝ የምትነሣው ሲመሽ ነው፤ መግሪብ ላይ ደጅ ላይ የተሰለፈ ሰው እስከ እጁ አንጓ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሸፈነ ልብስ ካደረገ የምትነክሰው ቦታ ታጣለች። አጭር ሱሪ ለብሰው የመጡት የዘመኑ ዘማቾች በዚያ ዓመት በወባ ሲወድቁ ያየ ነገሩን ያውቀዋል።

ለመሆኑ ጀለቢያ ለጋምቤላ እንግዳ ነውን? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። በ1894 ዓ.ም. ግንቦት ወር አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተስማሙ። ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ተጽፎበታል። ጣቢያው ከሁለት ዓመት በኋላ የተተከለው ኢታንግ ሳይሆን ጋምቤላ ላይ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ፣ ባሮ ሲሞላ፣ ከካርቱም የተነሣ መርከብ ነጭ ዓባይን ይዞ፣ በሶባት አድርጎ፣ ናስርን አልፎ ጋምቤላ ይቆማል። ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናል፤ የሚያራግፈው በብዛት ጨውና ጨርቅ ነው። ግሪኩ፣ ሶርያዊው፣ አርመኑ እዚያ ሱቅ ከፈተ። የሱዳኑ መርከበኛ፣ ፖሊስና ነጋዴ ከነጀለቢያው መጣ። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

እስቲ እንቁጠር። ያ ነጭ ቀሚስ ባሮ ዳር መታየት ከጀመረ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ሰፋሪዎቹ ከመጣን አርባ ዓመት ነው። ከረባት ያሰረው ልጅ በዚያን ቀን ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። የአገሩ ባለቤቶች አኙዋክና ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ናቸው። በእነሱ ደጅ ቆመን «አንተ ነህ እንግዳው» የምንባባለው ጀለቢያና ኮት ነን። ጀለቢያው ደግሞ በዕድሜ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የምከራከረውን ሰው ክርክር ሸሽቼ አላልፍም። የጋምቤላው ባለቤት ራሱ ጀለቢያን አይወድም የሚል መልስ ሰምቻለሁ፤ እውነትነት አለው። ከሱዳን ሰሜን የመጣውን ነጋዴ የደቡቡ ሰው «ጀላባ» ይለዋል፤ «አመጣ» ከሚል የዓረብኛ ግስ የወጣ ነው። ልብሱም ስሙን ከነጋዴው አገኘ የሚሉ አሉ፤ ከጂልባብ ነው የሚሉም አሉ። ቃሉ ሲጠራ ኑዌሩ የሚያስታውሰው ጨውና ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ወንዙን ተከትሎ ሰው ሊያድን የመጣውን ባሪያ ፈንጋይም ነው። በ1970ዎቹ የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት ዳግም ሲቀጣጠል ኢታንግ ላይ ብቻ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ስደተኛ ሰፈረ፤ ቤቱን ያቃጠለበት መንግሥት ሹሞች የሚለብሱት ይህንኑ ልብስ ነበር። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ስሄድ አንዲት ስደተኛ እናት አባቴን አይታ ልጇን ወደ ጉያዋ ስትስብ አይቻለሁ። አባቴም አይቷል። የዚያን ቀን ጀለቢያውን ጠቅልሎ በሽርጥ ተመለሰ።

ለዚያች ሴት መልስ የለኝም፤ መልስ ልሰጣትም አልሞክርም። የእርሷ ፍርሃት የገዛ ቤቷ ቃጠሎ ነው። የደጋው ልጅ ጥላቻ ግን የማን ነው? ቤቱን ጀላባ አላቃጠለበትም። የሌላውን ቁስል ተውሶ «እነሱም አይወዷችሁም» ማለት ሐቀኝነት አይደለም። ደግሞስ ጋምቤላ ውስጥ «የእነማን ነህ?» የሚል ጥያቄ ከልብስ ጀምሮ የት እንደሚደርስ የምናውቅ ሰዎች አይደለንምን? እዚያ ከተማ ሰው «ቀይ» እና «ጥቁር» ተብሎ ይጠራል፤ እንደ ዋዛ፣ ገበያ መካከል። በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ 3 ቀን ወታደሮችና ደገኞች ተባብረው ያን ከተማ የአኙዋክ መቃብር ሲያደርጉት፣ የሞቱት በመቶዎች ሲቆጠሩ፣ ለመግደል ያስፈለገው ምልክት ይኸው ነበር፤ ፊት ማየት። ከዚያ ወዲያ ሰውን በመልክና በልብስ የሚለይ አፍ ስሰማ ቀልድ አይመስለኝም። አባቴን «የሰው ልብስ ለብሰው ይመለሱ» ያለው ልጅ ይህን የተናገረው ከታኅሣሡ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ከተማ ነው።

የደጋው ፍርድ ከየት እንደመጣ ግን መናገር ይቻላል። መነሻው ድርቡሽ ነው። በ1880 ዓ.ም. የማህዲ ተከታዮች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከእነሱ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። የእነዚያ ወታደሮች ልብስ ጣል ጣል ያለ ጨርቅ የተለጠፈበት ጁባ ነበር። ልጣፉ የድህነት ምልክት ነው፤ «ዓለምን ንቀናል» ማለት። «ድርቡሽ» የምንለው ቃል ራሱ ከፋርስኛ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ድሃ ነው። ማህዲው ይህን ስም ጠልቶ ተከታዮቹ «አንሷር» እንዲባሉ አዝዞ ነበር፤ እኛ ጋ ግን ድርቡሽ ቀረ፤ ልብሱም ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ ደግሞ ልጅ ኢያሱ መጡ። በ1909 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን ከሥልጣን ሲሻሩ ከተነሡባቸው ክሶች መካከል ልብሳቸው አንዱ ነበር፤ በሙስሊም አለባበስ የሚያሳይ ፎቶግራፍም መወራወሪያ ሆኗል። ፎቶው እውነት ይሁን የተሠራ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩ። እኔን የሚያስገርመኝ ክሱ ነው። ጥምጣም ንጉሥ ይሽራል ማለት ነው።

እንዲያው ለነገሩ፣ ጥምጣም ያለው ሼህ ብቻ ነው? ከአንድ ኪሎ ሜትር ላይ የሚመጡ ቄስና ሼህ አስቡ። ሁለቱም ነጭ ጠምጥመዋል፤ ሁለቱም እስከ እግራቸው ቀሚስ ለብሰዋል፤ ሁለቱም በእጃቸው ነገር ይዘዋል። እስኪቀርቡ ድረስ «እንደምን አደሩ አባ» ልበል ወይስ «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚለው አይለይም። እኔ ወሎዬ ነኝና ተሳስቼ አውቃለሁ። የእናቴ አጎት መሪጌታ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር አንድ ላይ ሲቀመጡ ልጆች ሆነን የምንለያቸው በመቁጠሪያና በጭራ ነበር። የአንዱ ቀሚስ የአገር፣ የሌላው የባዕድ የሆነው በየትኛው መቀስ ተቀዶ ነው?

ለመሆኑ ሸማውንስ ማን ሸመነው? በጎንደር ዘመን ነገሥታቱና መሳፍንቱ የሚደርቡትን ሸማ ከሚሸምኑት መካከል ሙስሊሞች ዋነኞቹ ነበሩ። በ1660 ዓ.ም. በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሠፈራቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ፤ የሸመኑት ጨርቅ ግን አልተለየም፤ ቤተ መንግሥት ይገባ ነበር። ዛሬ «የአገር ልብስ» የምንለው ስንቱ ከእነዚያ መወርወሪያ የወጣ ይሆን? ኮቱስ? ኮት የአውሮፓ፣ ከረባት የአውሮፓ፣ ካሚቻ ስሙ ራሱ ጣሊያን ነው። የኢሠፓ ካድሬዎች የኮሪያ ስፌት ዩኒፎርም ለብሰው አባቴን ስለ አብዮት ሲያስተምሩት «ይህ የማን አገር ልብስ ነው?» ያላቸው ሰው አልነበረም። ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ እንግዳ ከሆነ ሁላችንም እንውለቅና እንይ።

የአዲስ አበባው አንባቢዬ «ይህ የጠረፍ ወሬ ነው» ይል ይሆናል። ጌታዬ፣ በየቀኑ ታክሲ ላይ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ሲባል አይሰሙምን? ሸጎሌ ማለት ሼህ ሆጀሌ ነው፤ የቤኒ ሻንጉል ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን፤ ቤታቸው እዚያ ስለነበረ። ከምዕራቡ ጠረፍ የመጣ ሙስሊም ገዥ በዋና ከተማችን ሠፈር ተሰይሞለታል። ስሙን አንድ ላይ ጨፍልቀን ስለጠራነው ሰውየውን ረሳነው። የጠረፉ ሰው እንዲህ ነው ከተማ የሚገባው፤ ተጨፍልቆ።

አባቶቻችን በንጉሡ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር። «የኢትዮጵያ» አይባሉም፤ «የሚኖሩ» ነው። ተከራይ ማለት ነው። በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ አደባባይ የወጣው ከሌላው ጥያቄ ጋር ይህችን ቃል ለማስነሣት ነው። ቃሏ ከወረቀት ላይ ተነሣች። ከዚያ ልጅ አፍ ግን አልተነሣችም፤ «ከሱዳን ነው የመጡት?» ሆና ተመልሳለች። በጋምቤላ ደግሞ ክብደቷ ይጨምራል፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ከመቶ ሰባው ፕሮቴስታንት ሲሆን ሙስሊሙ ከመቶ አምስት አይሞላም። ጥቂት የሆነ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ ነጭ ሲለብስ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ ወንድሞቼ ልዙር፤ ከእነሱ ጋር ያለኝ ጸብ የቤት ጸብ ስለሆነ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ የተማረ፣ ሶላቱን የማያጓድል ጨዋ ልጅ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት በዒድ ጠዋት ወደ ስታዲየም ልንሄድ ስንነሣ የአባቴን ጋቢ ደረብሁ። ያው የአንቶኖቩ ጋቢ ነው። ልጁ አየኝና «አጎቴ፣ ይህ እኮ የክርስቲያን ልብስ ነው። ጀለቢያ ልስጥህ?» አለኝ።

ሳቅሁ ልበል? አልሳቅሁም። ያ የጋምቤላ ልጅ አባቴን በጀለቢያ ሱዳናዊ አደረገው፤ ይህ ደግሞ እኔን በጋቢ ክርስቲያን አደረገኝ። ሁለቱ ልጆች ተያይተው አያውቁም፤ የሚያምኑት ግን አንድ ነው። ጋቢ የደገኛ ክርስቲያን፣ ጀለቢያ የዓረብ ሙስሊም፤ በመካከል የቆመው ወሎዬ ደግሞ የማንም አይደለም።

ጀለቢያውን ሰጠኝ፤ አንገትጌው ላይ የቻይና ምልክት ተለጥፎበታል። አሳየሁት። «ስፌቱ ነው እንጂ ኒያው...» ብሎ ተንተባተበ።

እንግዲህ በራሱ መንገድ እንሂድለት። ነቢዩ ቀሚስ ይወዱ እንደነበር በሐዲስ ተነግሯል፤ እውነት ነው። እጅጌው ጠባብ የሆነ የሻም ጁባ ለብሰው እንደነበርም ተነግሯል፤ ሻም ያን ጊዜ የሮማውያን ግዛት ነበር። የየመን ጨርቅም ይለብሱ ነበር። ስለ እግራቸውስ? የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ሁለት ጥቁር ኹፍ፣ የቆዳ የእግር ልብስ፣ ልከውላቸው እንደለበሱት በሐዲስ መጻሕፍት ተጽፏል። የእኛ አገር ቆዳ በእግራቸው ገብቷል፤ «ይህ የሐበሻ ክርስቲያን ሥራ ነው» ብለው አልመለሱትም። የካዷቸው አቡ ጀህልና ጓደኞቹ ደግሞ ከእርሳቸው ጋር የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ልብሳቸው ከእርሳቸው ልብስ የተለየ አልነበረም። ልብስ ሙስሊም ቢያደርግ አቡ ጀህል በቀደመ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ሐጅ ነው። ወንድ ሐጃጅ ኢሕራም ሲገባ የተሰፋ ልብስ ሁሉ ያወልቃል። ጀለቢያው ይወልቃል። ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ትከሻው ላይ ይደረባል። ሽርጥና ጋቢ! አባቴ ሐጅ ሳያደርግ ሞተ፤ አቅም አልነበረውም። ወረኢሉ ላይ ግን ዕድሜውን ሙሉ ወደ ሐጃጅ የተጠጋ ልብስ ለብሶ ኖሯል ብዬ ብናገር የእህቴ ልጅ ምን ይመልስልኛል? ምንም አልመለሰልኝም። ጋቢውን ደርቤ ሄድሁ፤ እርሱም ጀለቢያውን ለብሶ ከጎኔ ሰገደ። ዝናብ ስለነበር ከጋቢው ጫፍ ሰጥቼዋለሁ።

በዚህ አንድ ነገር ልጨምርና ይብቃኝ። ጀለቢያን ልበሱ እያልሁ አይደለም፤ እኔ ራሴ አዲስ አበባ ላይ አልለብሰውም፤ ይበርደኛል። አታልብሱም እያልሁ አይደለም። ባለፈው ዓመት ጋምቤላ ወርጄ የአባቴን መቃብር ካየሁ በኋላ ወደዚያ በረንዳ ሄድሁ። ሐጂ ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው በዚያው ሲንጀር ይሰፋል፤ እግሩ ብቻ ተጠግኗል። ጠረጴዛው ላይ ሐምራዊ ጨርቅ ተቆልሏል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመዘምራን ነው። አሥራ ሁለት ቀሚስ አዝዘውኛል። ለእሑድ።»

«ከየት ናቸው?»

«ኑዌሮች ናቸው፤ እዚያ ከወንዙ በታች ያለችው ቤተ ክርስቲያን።»

«ስፌቱስ?»

አንዱን አንሥቶ ዘረጋልኝ። እጅጌው ሰፊ፣ አንገቱ ክብ፣ ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት። «ያው የአባቴ ልክ ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ጨምሩልን ብለውኛል፤ ለዚያ ሃምሳ ሃምሳ ብር አስከፍላለሁ» አለ።

እኔም አንድ ነጭ አዘዝሁ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተነሥቶ ከትከሻዬ እስከ እግሬ ለካኝና ቁጥሩን በኖራ ግድግዳው ላይ ጻፈ። አባቴን ያስታውሰው እንደሆነ ጠየቅሁት። «ባለ ጋቢው ወሎዬ?» አለ፤ ወዲያውም ወደ ሥራው ተመለሰና፦

«ኪሱ በአንድ ጎን ይሁን በሁለት?»

«በሁለት» አልሁት።